መተንፈሻ የሌለው የካሜራ ሽፋን

አንድ በግ አድላቢ ሀብታም ነበረ። ቆይ፣ አትቁነጥነጥ ይርዳው፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ጓደኛዬ ከከዳኝ ወዲህ ልቤን ለሰው ሁሉ ዘግቼ ብኖር ምን አለበት፣ መምህር?» ነው ያልከኝ። እሱኑ ልመልስልህ ነው።

ይህ ሰው የሚኖረው ዝናብ በማይለቃት አንዲት ደጋ ከተማ ነው። አንድ የማይተወው አመል ነበረው፤ አዲስ ዕቃ ከገዛ ላስቲኩን አያነሳም። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንጫጫል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል፤ የቱን ቁልፍ እንደምትጫን እንኳ አይታይህም። ምን ያስቅሃል? የእናንተም ቤት ሪሞት እንደዚያው ነው፣ አይቻለሁ።

አንድ ክረምት ከጓሮው በረት በግ ይጠፋ ጀመር። ዛሬ አንዱ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ ሌላው። የፊቱን በር የሚጠብቁለት ጋሽ ቢሻው የሚባሉ አረጋዊ ዘበኛ ነበሩ። በዚያ ግቢ ነው ያረጁት፤ የሰው ስንጥር እንደማይነኩ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ሰውዬው ግን መጠርጠር ጀመረ፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ይመልሰው! ጎረቤት ግቢው እንዳይገባ ከለከለ፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ፊቱን አዞረ፤ በረቱን የሚያይ ካሜራም አሰቀለ። ካሜራው ሽፋን አልነበረውምና የመጀመሪያው ዶፍ አበላሸው።

ለሁለተኛው ካሜራ ሽፋን ሊመርጥ ወደ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ያላትን ሁሉ ደረደረችለትና አንዱን አንስታ «ይሄን ይውሰዱ ጋሼ» አለችው። «ከላይ እንደ ባርኔጣ ጥላ አለው፤ ዝናቡ መስታወቱን አይመታውም። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለችው።»

«ቀዳዳ?» አለ ሰውዬው። «ውሃ እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳ ልግዛ? ነገ ደግሞ ቀዳዳ ጃንጥላ ልትሸጪልኝ ነዋ!»

«ከሥር እኮ ናት፣ ጋሼ። ለመተንፈሻ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል።»

እሱ እቴ! ወፍራሙን፣ የብረቱን፣ ዙሪያውን በጎማ የታሸገውን መረጠ። ቤቱ ሲደርስ የገመዱን መግቢያ በሲሊኮን ደፈነ፤ የክዳኑን ጠርዝ በሲሊኮን ደፈነ፤ መች በቃው፣ መስታወቱን ብቻ አስቀርቶ በፌስታል ጠቀለለው። ይህን ሁሉ ያደረገው ዝናብ እያካፋ፣ እጁና እጅጌው እንደ ራሰ ነው። የጓሮውን እርጥበት አብሮ ማሸጉን ልብ አላለውም። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ «እስቲ አሁን ጠብታ ትግባ!» ብሎ ፎከረ።

እውነትም ጠብታ አልገባም። ግን ካሜራው ሲሞቅ፣ ደጁ ሲበርድ፣ ውስጥ የታሸገው እርጥበት እንደ ድስት ክዳን ላብ መስታወቱ ላይ አረፈ። በቴሌቪዥኑ የሚታየው ሁሉ ነጭ ጉም ሆነ። እሱ «ክረምት ነው፣ ጭጋግ ነው» እያለ በዚያ ጉም ላይ አፍጥጦ ይውላል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዶፉ ወርዶ ሰው ሁሉ በተጠለለበት ሰዓት፣ በጉሙ ውስጥ ረዘም ያለ ነጭ ነገር ቆሞ የበረቱን መቀርቀሪያ ሲነካካ አየ። ሮጦ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ከበጎቹ ግን አንዱ ጎድሏል። በዚያ ግቢ ነጭ ጋቢ የሚለብስ ማን አለ? ጋሽ ቢሻው ብቻ።

«ጨርቅዎን ይዘው ይውጡልኝ፤ ሌባ!» አላቸው።

ሲያሳዝኑ! የሚያጡት እንጀራቸውን ብቻ መቼ ሆነ? በዚያ ዕድሜ ሌባ ተብለው ወጥተው የትኛው ግቢ ይቀበላቸዋል? ልጆቻቸውስ ምን ይባሉ? እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ሌባ ተብዬ ግን አልሄድም። ሽማግሌ ይቀመጥና አየሁ የሚሉትን ያሳዩ» አሉ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ላስቲክ በለበሰው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው ያን ምስል አሳያቸው። አንደኛው መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩና «ልጄ፣ ይሄማ እኔም ልሆን እችላለሁ» አሉ። ሌላው «ነፍሱን ይማረውና አባቴንም ይመስላል» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሰውዬው አፈረ፤ ተናደደም። መስታወቱን ወልውዬ አሳያችኋለሁ ብሎ መሰላል አቁሞ ወጣ። ቢወለውል፣ ቢወለውል፣ ወይ ፍንክች! ውጪው ንጹህ ነው፤ ጉሙ ከውስጥ ነው። ፌስታሉን ቀደደ፣ ሲሊኮኑን በቢላ ላጠ፣ ክዳኑን ሲከፍት የተጠራቀመው ውሃ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ፣ እግዜር ይስጠው፣ ኩራቱን ዋጥ አደረገና «ትራፓኖ አምጡልኝ!» ብሎ ተጣራ። በገዛ እጁ ከሣጥኑ ሥር ቀዳዳ በሳ፣ ውስጡን አድርቆ መልሶ ከደነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮሉ። ምስሉ ኩልል ብሏል። ገንዳው ላይ መኖ ቀርቧል። ያኔ አንድ ነጭ ሙክት ብድግ ብሎ በኋላ እግሮቹ ቆመና መቀርቀሪያውን በቀንዱ ሽቅብ ገፋው። በሩ ተከፈተ፤ አንዲት በግ ሹልክ ብላ ወጣች። ዘመም ያለው በር በራሱ ክብደት ተመልሶ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ቦታው ላይ ወደቀ። ሙክቱስ? እሱማ የት ይሄዳል! ዘወር ብሎ የወጣችውን ድርሻ ይበላ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በጊቱን ተከትለው በጓሮው አጥር ክፍተት ቁልቁል ቢወርዱ የጠፉት በጎች በሙሉ ከአንድ ገበሬ መንጋ ጋር ተቀላቅለው ሣር ይግጣሉ። ገበሬው «የእርስዎ እንዳይሆኑ ብዬ መንገድ ላይ ሰላም ብልዎት እኮ ፊትዎን አዞሩብኝ!» አለው።

ሰውዬው ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገና ጋሽ ቢሻው እግር ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ። እሳቸው ድንጋዩን አወረዱለትና «ኧረ ይነሱ! መሸከም ካማረዎት ያን ሙክት ይሸከሙልኝ» አሉ። ተሸከመው! ሙክቱ እየጮኸ፣ እሱ እየሳቀ፣ ሰፈሩ እልል እያለ ግቢውን አዞረው። ጋሽ ቢሻውም ያን ቀን በክብር ወደ በራቸው ተመለሱ።

አየህ ይርዳው፣ ዝናብ የመታው ሰው ሽፋን ያስፈልገዋል። ተከድተሃል፤ ልብህን ክደን፣ አልከለክልህም። ግን ስትደፍነው ኀዘንህንም አብረህ አሸግከው። ጉሙ ከአንተ ውስጥ ነው፤ አንተ ግን ሰው ሁሉ ሌባ መስሎ ይታይሃል። ትናንት እናትህ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ «በእኔ ነው የምትስቀው» አላልከኝም? እናትህ እኮ ናት! የምልህ ደጅህን ለመንገደኛ ሁሉ ክፈት አይደለም። ከሥር አንዲት ቀዳዳ ትኑርህ ነው፤ አንድ የምትነግረው ሰው።

በል፣ ያ ጓደኛህ ያደረገህን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ብታለቅስ አልታዘብህም፤ ብትስቅ አብሬህ እስቃለሁ። እየሰማሁህ ነው።