ጆንያ ያልለበሰው ጎመን

ጎመኑ መረረ። አምና መረረ፣ ካቻምና መረረ፤ ዘንድሮም መረረ።

አንዲት ሴት ደብረ ብርሃን ውስጥ በጓሮዋ ጎመን ታበቅላለች። የምታውቁት ጎመን አይደለም። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሥር እስከ አናቱ ዕንቁላል የማያህሉ ጥቅል ጎመኖች ይደረደሩበታል። የብራስልስ ጎመን ይሉታል። አባቷ የፈረንጆች ግቢ አትክልተኛ በነበረበት ዘመን ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ አመጣው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ያለ እሱ ጎመን የገና ጾም ተጾሞ አያውቅም።

አሁን አባቷ የለም። እናቷ አልጋ ላይ ናት። ምግብ አስጠልቷታል፤ ሐኪሙም «የምትወደውን ስጧት» ብሏል። የምትወደው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ልጅቱ ቀቅላ አቀረበች። እናት አንዱን ነክሳ ሳህኑን ገፋችው።

«ይሄ የሱ አይደለም።»

«እማዬ፣ ዘሩ ያው፣ መሬቱ ያው!»

«ምላሴም ያው ነው። የሱ አይደለም አልኩሽ።»

ምን ጎደለው? ፍግ ጎደለው? ውኃ ጎደለው? ማን እንደ እሷ ለፋ? ኅዳር ገብቶ ውርጭ መውረድ ሲጀምር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየወጣች እያንዳንዱን ግንድ ጆንያ ታለብሳለች፤ ጠዋት ታወልቅለታለች። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገች። የዘለለችው ቀን የለም።

አባቷ እንዲህ አያደርግም ነበር። ትዝ ይላታል። ጠዋት ስትነሣ ጓሮው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ፣ እሱ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ጎመኑ መሐል ቆሟል። ዝም ብሎ ያያል። እናቷ ከደጃፍ ትጮኻለች፦

«አንተ ሰው! ድንቹን ጭድ አልብሰህ ጎመኑን ራቁቱን ታሳድረዋለህ? ጭዱ አለቀብህ?»

«ተይው፣ ይብረደው» ይላል እየሳቀ። ከዚያ አንዷን ጥቅል ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ አሽቶ ውርጩን ያራግፋል፣ ለልጁ ያጎርሳታል። ጥሬዋን። ጥርስ ታደነዝዛለች፤ ግን ትጣፍጣለች። ያን ጣዕም አልረሳችም። የአባቷን ስንፍናም አልረሳችም። አዎ፣ ስንፍና ነበር የመሰላት።

ሳህኑ በተገፋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው እናቷን ሊጠይቁ መጡ። ከአባቷ ጋር አብረው አትክልተኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲወጡ ጆንያዋን ታቅፋ ወደ ጎመኑ ስትሄድ አገኟት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውርጩ እንዳይነካው ነዋ።»

«እንዳይነካው!» ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይሄን ነው? ይሄን ጎመን የሚያጣፍጠው ውርጩ አይደል እንዴ! ሳይበርደው ምን ብሎ ይጣፍጣል?»

«ታዲያ አባዬ ለምን አልነገረኝም?»

«ጠይቀሽዋል?»

«ድንቹንስ ለምን ያለብሰው ነበር?»

«ድንቹንማ ውርጭ ያቃጥለዋላ! የትኛው እንደሚለብስ፣ የትኛው እንደማይለብስ ያውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት እዚያ የሚገተረውስ ለምን መሰለሽ? ብርዱ እንዳይበዛበት እያየው ነበር፣ ልጄ።»

ስድስት ግንድ ነው የቀራት። ሽማግሌው ከተሳሳቱ ለእናቷ የምታቀርበው ሌላ የለም። እናቷስ ሌላ ኅዳር ይኖራት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ እንደዚህች ሴት አባታችሁን የተቀየማችሁት? «የጎረቤቴን ጭድ አለበሰው፣ የእኔን ራቁቱን አሳደረው» ያላችሁት? ያንን ብላችሁ ጸሎት የተዋችሁ የላችሁም?

ውርጭ ሁሉ ያጣፍጣል አልላችሁም። ድንች የተከለ ሰው ይስቅብኛል። የእናንተ ብርድ ለምን እንደ መጣ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚላችሁንም አትመኑት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። ያን ጠዋት ጓሮው ውስጥ የቆመው ማን ነበር? እናንተ ገና ከብርድ ልብስ ሳትወጡ፣ እግሩ ውርጩ ላይ የነበረው ማን ነው? እሱን አልበረደውም? ትቶ የሄደ ሰው እዚያ ምን ያቆመዋል?

«ለመሆኑ ጎመኑ ጣፈጠ ወይ?» ትሉኛላችሁ። አያችሁ፣ እኛ መጀመሪያ መቅመስ እንፈልጋለን፤ ማመኑ ከዚያ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ግን ቀምሳ የምትወስንበት ዕድል አልነበራትም። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም፤ ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ኅዳር ላይ እንዲህ ያለ ሰማይ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ጆንያዎቹ እጇ ላይ ናቸው።

እናቷ ከአልጋዋ ሆና ተጣራች። «አለበስሽው?»

«አላለበስኩትም።»

«ምን አልሽ?»

«ተይው፣ እማዬ። ይብረደው።»

ከውስጥ፣ በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ያልተሰማ ሳቅ ተሰማ፤ ደካማ፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ። «አይ፣ የአባትሽ ልጅ!»

ልጅቱ ስድስቱን ጆንያ ዕቃ ቤት ይዛ ገባች፣ ጥግ ላይ ወረወረቻቸው፣ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።