ምሬቱ ወዴት ይሂድ?

አንዲት ሴት ነበረች፤ በጎጃም፣ ገበያው ከወንዝ ማዶ በሆነ መንደር የምትኖር። ሦስት ልጆች ነበሯት። ትልቁ፣ ይበልጣል የሚባለው፣ ነሐሴ ላይ ከገበያ ሲመለስ ወንዙን ሊሻገር ገባ፤ ደራሽ ውሃ መጣና ወሰደው።

ከቀብሩ በኋላ ሴትዮዋ፣ "እዚያ ወንዝ እግሬ አይደርስም" አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ልብስ ለማጠብ አልወረደችም። ገበያ መሄድ ተወች። የመጠጥ ውሃ ከዳገቱ በላይ ካለች፣ ጠብ ጠብ ከምትል ምንጭ ትቀዳ ነበር። ማን ይፈርድባታል? እናንተ ትፈርዱባታላችሁ? እኔ አልፈርድባትም።

መስከረም ላይ በረዶ ወርዶ ገብሱን ደመሰሰው። ለቤቱ የተረፈው ግብጦ ብቻ ነበር። ግብጦ ጭንጫ መሬት ይበቃዋል። መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም፤ አጥር አይጠይቅም። ግን ሰውም እንዲሁ አይበላውም። ይቆላል፣ በጆንያ ይቋጠራል፣ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። ውሃው ምሬቱን እያጠበ ይወስደዋል። ያኔ ተልጦ ይበላል።

ሴትዮዋ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን ወንዝ አትወርድም! ስለዚህ ቆላችውና በእንስራ ነከረችው። ጠበቀች፤ ቀመሰችው፤ መራራ ነው። እንደገና ጠበቀች። "ትንሽ ለቀቅ ብሏል" ብላ ራሷን አሳመነችና ለልጆቹ ሰጠች።

ታናሺቱ ልጅ ብዙም ሳትቆይ አስመለሳት። ራሷን አዞራት፤ መቆም አቃታት።

ጎረቤቷ እትዬ ባንቺአየሁ ጩኸት ሰምታ መጣች። ከእንስራው አንድ ፍሬ አውጥታ ቀመሰችና ተፋችው።

"አንቺ! ይሄን ለልጅ? ለአይጥ ብትሰጫት እንኳ ዳኛ ዘንድ ትከስሻለች!"

"ነክሬዋለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"የት?"

"በእንስራ።"

"በእንስራ! እንስራ መውጫ አለው? ምሬቱ ወዴት ይሂድ? የለቀቀውን መልሶ ይጠጣዋል እንጂ!"

"ወንዝ አልወርድም።"

እትዬ ባንቺአየሁ ለምን እንደማትወርድ ታውቃለች። ግብጦውን ከእንስራው ወደ ጆንያ ገለበጠችና፣ "እሺ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ። እኔ አወርድልሻለሁ" ብላ ለመሸከም ጎንበስ አለች።

ሴትዮዋ የተኛችውን ልጇን አየች።

"አስቀምጪው።"

"ምን?"

"አስቀምጪው አልኩሽ! ልጆቹ የኔ ናቸው። አንቺ ይቺን ጠብቂልኝ።"

ተሸክማ ወረደች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ወረደች። ውሃው ውስጥ ገባች፤ ጆንያውን ከዳር ካለ ሥር ጋር በገመድ አሰረች፤ ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ቀና ብላ ወንዙን ተናገረችው፤ "ልጄን ወስደሃል። ይሄን ግን ትመልሳለህ!"

ልብ በሉ፣ አልታረቀችውም። እንባዋም አልደረቀም። በየቀኑ እያለቀሰች ወርዳ ጆንያዋን አየች። በመጨረሻ እዚያው ዳር ቆማ አንድ ፍሬ ልጣ ቀመሰች። ምሬቱ ሄዷል። ቤት ወስዳ ስታቀርበው ያቺ ያገገመች ልጅ አፏን ሞልታ፣ "እማዬ፣ ጨው የለውም!" ብላ አማረረች። እናትየዋ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወገኖቼ፣ እኔም በዚህ ዓመት የቀበርኩት ሰው አለኝ። ከላይ ሆኜ አይደለም የምነግራችሁ። "በቃችሁ፣ አታልቅሱ" አልላችሁም። እሷ ማልቀሷን መቼ አቆመች? "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሲሏችሁ ግን ምን የሚሏችሁ ይመስላችኋል? ቤታችሁን ዘግታችሁ፣ ያንኑ ሐሳብ ደጋግማችሁ እየጠጣችሁ ተቀመጡ ነው? አይደለም! መጽናት መውረድ ነው። ጉልበት እየከዳም መውረድ ነው። በቤታችሁ ገና የሚበሉ፣ ገና የሚያድጉ አሉና።

"ልቤ ሲረጋጋ እሄዳለሁ" ትላላችሁ። ልባችሁ ተቀምጦ የሚረጋጋ መስሏችሁ ነው? እሷ ልቧ ተረጋግቶ ነው የወረደችው?

እናንተ የማትወርዱት ወዴት ነው? ከሐዘናችሁ ወዲህ የቀየራችሁት መንገድ የለም? ያላያችሁ መስላችሁ ያለፋችሁት ሰው የለም? የሟች ልጃችሁ ጓደኛ ሲመጣ አይታችሁ በሌላ በኩል የዞራችሁ የላችሁም? ያ ልጅ እኮ ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያን ጓደኛውን ፈልጉት። በስሙ ጥሩት። ድምፃችሁ ቢቆራረጥም ጥሩት። ቤታችሁ አስገቡት፤ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ "እስቲ ስለ ልጄ ንገረኝ" በሉት።