ጆሮዋን ያልሰጠችው አህያ

አንድ ጊዜ እንስሳት እየጠፉ አጥንታቸው ብቻ የሚገኝበት አንድ ሸለቆ ነበር። ዛሬ በግ፣ ነገ ጥጃ ይታጣል። አጥንቱ በጅብ ዋሻ ሲገኝ፣ አያ ጅቦ «ከወንዝ ማዶ ሞቶ ያገኘሁት ነው» ይላል። የማን አጥንት እንደሆነ ማን ይወቅ?

አንበሳ መላ ፈልጎ፣ ከከተማ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሙያ የተማረችውን እመት ጦጢትን አስጠራ። እሷም ሁሉንም ሰብስባ «ከጆሯችሁ ጫፍ ምስር የምታህል ሥጋ ቆርጬ፣ በብልቃጥ ወደ ቤተ ሙከራ እልካለሁ» አለች። «ሥጋችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚሉት ምልክት አለ፤ ከእናትና ከአባት ይወረሳል። ከእንግዲህ አጥንት ቢገኝ የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ላምም በግም እየተንቀጠቀጡ ጆሯቸውን ሰጡ። ጅብ ይህን ሲያይ ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«አለቀልኝ! በረሃብ መሞቴ ነው!»

«አንተ ደግሞ!» አለችው ቀበሮ። «ጆሮው ያልተነካውን ትበላለሃ! አጥንቱን ማን ያውቀዋል? ይህን ለእኔ ተወው።»

ቀበሮ አህያን ከውርንጭላዋ ጋር ተራ ስትጠብቅ አገኘቻት። «እህቴ አህያ፣ ምነው በልጅሽ ጨከንሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። «ማን እንዳዘዘ አታዪም? አንበሳ እኮ ነው! የማንኛችን ሥጋ እንደሚጥም ሊቀምስ ነው።»

አህያ ይህን ስትሰማ ከተራው ወጣች። ውርንጭላዋን አስቀድማ ወደ ቁጥቋጦ ሸሸች። ምን ታድርግ፣ እናት ናት፤ ፈራች።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ሸለቆውን ሸፈነው። አህያ ዞር ብትል ውርንጭላዋ የለችም።

«ልጄ! የት ነሽ ልጄ?»

እስከ ቀትር ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ተዘጋ።

አንበሳ በጅብ ዋሻ ትንሽ አጥንት አገኘ። «ከወንዝ ማዶ ነው» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። ጦጢት ከአጥንቱ ፍቃ ላከች፤ ከተሰበሰቡት ብልቃጦች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ቀበሮ ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ አህያ ወደ ፊት ወጣች። የጦጢትን ምላጭ ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። «የእኔን ቁረጪ፣ እመት ጦጢት። ልጄ ከእኔ ሥጋ ናት፤ አጥንቱ የእሷ ከሆነ ይታወቃል።»

ጦጢት ምላጩን በአልኮል ጠርጋ ቆረጠች። ውጤቱ ሲመጣ አጥንቱ የውርንጭላዋ ሆነ። ጅብ ደንግጦ ቀበሮ ላይ አፈጠጠ።

«ጆሮዋ ካልተነካ ማንም አያውቃትም ብለሽኝ አልነበር?»

ሁሉም ሰማው። ሁለቱም ከአንበሳ መዳፍ አላመለጡም።

እንስሳቱ እልል ሲሉ አህያ ብቻ ጥግ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ትንኝ የነከሰኝ ያህል እንኳ አላመመኝም» አለች። «ይቺን ፈርቼ ነው ልጄን ያጣሁት?»

ከዚህ የምንማረው፣ በፈራን ሰዓት ምክር ይዞ የመጣውን ሁሉ ከማመናችን በፊት የእኛ ፍርሃት ማንን እንደሚያጠግብ መጠየቅ እንዳለብን ነው።