መስኮት የማያስዘጋ ገመድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሲመጣ ከሩቅ የሚሰማ።

መኪናው አሮጌ ናፍጣ ነበረች። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሩ ስትታጠፍ ታጓራለች፣ ዳገቱ ላይ ትስላለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሰውየው ክላክሱን አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋዋል። ውሻው ገና ከመታጠፊያው ይለያትና ጭራውን እየቆላ ወደ በሩ ይሄዳል። ልጆቹ «አባባ መጣ» እያሉ ይሮጣሉ። ሚስቱ ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። የተጣላ ካለ ይታረቃል፤ የተሰበረ ብርጭቆ ካለም ስብርባሪው ይጠረጋል። ቤት እንዲህ ነው፤ አባወራው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ስንሻው፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። ስልክህ ድምፅ እንዲቀዳ አድርገህ ሳሎን ሶፋው ሥር ትተኸው ወጥተህ ኋላ እንዳነሳኸው፣ የቀዳውንም ገና እንዳልሰማኸው ነግረኸኛል። «በሌለሁበት ሚስቴና ልጆቼ ስለ እኔ የሚሉትን ብሰማ ምን ክፋት አለው?» ብለኸኛል። ትርንጎን ከአባቷ ደጅ ቆሜ የለመንኩልህ ሽማግሌ እኔ ነኝና፣ መልሱን ከእኔ በመፈለግህ ደግ አድርገሃል። ስልኩን እዚህ መሐላችን አስቀምጠውና ስማኝ። አትነካካው።

ያ ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አሮጌዋን ለመለዋወጫ ለሚፈልጓት ሰዎች ሸጣት። እሱ እዚያው ቆሞ እያየ ሞተሯ ወጣ፣ በሮቿ ተነቀሉ፣ ክላክሷንም አንዱ በፌስታል ይዞት ሄደ። ይህን ልብ በል፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አዲሷ መኪና ነዳጅ አትጠጣም፣ አታጨስም፣ አትጮህም። እኔ በመኪናዋ ላይ ቂም የለኝም፤ ብገዛት ደስ ባለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «በሰላም ንዱት» ብሎ መረቃቸው። ቻርጅ የምትደረገው ግን ቤት ውስጥ ነውና መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ሳሎን ውስጥ ለብቻዋ ጠንካራ ሶኬት ተከለላት፤ ግድግዳውን የሚበሳበት መሣሪያ ስላልያዘ ግን «ገመዱ ለጊዜው በመስኮት ይለፍ፣ መጥቼ እበሳዋለሁ» ብሎ ሄደ። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚሰነብት አንተም ታውቃለህ። ገመዱ ስለሚያልፍበት መስኮቱ ገርበብ እንዳለ ቀረ። መኪናዋም ከመስኮቱ ሥር፣ ጥቁር መስታወቷን ዘግታ፣ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት እያርገበገበች ትቆም ጀመር።

ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ሲመለስ ማንም አልሰማውም። አዲሷም ክላክስ አላት፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጸጥታ ላይ መንፋት ነውር መሰለውና በሩን በቁልፉ ራሱ ከፍቶ ገባ። ውሻው አላወቀውም፣ ሊነክሰው ነበር። ገመዱን ሰካና ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠ። ምክንያት ነበረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል እየመጣ ዕቃ ያቃጥላል፤ ሁላችንም ተሯሩጠን ፍሪጅ የምንነቅለው ለዚህ አይደል? ቻርጁ እስኪረጋ ልጠብቅ አለ። መስታወቱን በጣት ያህል ዝቅ አደረገ።

እንደዚያ ተቀምጦ ሳለ በመስኮቱ በኩል የሚስቱን ድምፅ ሰማ። ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ባሌ ለእኛ ብሎ ሲለፋ ሰውነቱ አለቀ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል አለች። ሰውየው ልቡ በደስታ ሞላ። ፊት ለፊት እንዲህ ብላው አታውቅም ነበር። እዚያ ላይ በቅቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግርህም።

በማግስቱም ተቀመጠ። ያን ቀን ልጁ የአባቱን አነጋገር ያስመስል ነበር፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «በእኛ ጊዜ» ብሎ ሲጀምር። ሁሉም ሳቁ። ሚስቱም ሳቀች። እኔንም የልጅ ልጆቼ እንዲህ ያስመስሉኛል አሉ፤ ይሳቁ፣ እኔ የለሁበትም። እሱ ግን ነገሩን ዋጠውና እራት ላይ ተቀምጦ ፊታቸውን በየተራ ያይ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ያልነገሩትን ያውቅ ነበር። ልጅቷ አንድ ጫማ እንዳማራት በመስኮት ሰምቶ ጫማውን ይዞላት ሲመጣ ደስ አላት። ልጁ ፈተና መውደቁን ለእናቱ ሹክ ሲላት ሰምቶ፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት «ለምን ወደቅህ?» አለው። ሚስቱ እንዴት አድርጌ ልንገረው ብላ ስታስብበት የከረመችውን የወንድሟን ችግር እሱ ቀድሞ አነሳባት። ቤተሰቡ ፈራ። ጎረቤት አይናገር፣ ዘመድ አይናገር፤ ታዲያ ሰውየው ከየት ይሰማል? መጀመሪያ ሹክሹክታ ተጀመረ፣ ቀጥሎ በዓይን መነጋገር።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ መጣ። ሚስቱ ተመስገን አለች፤ ክረምት ገብቶ ነበር፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ልጆቹን ያስላቸው ነበር። ሰውየው ግን በሩ ላይ አግኝቶት «ተወው፣ እንዲሁ ይሻላል» ብሎ መለሰው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ሚስቱ ክፍተቱን በጨርቅ ወተፈችው። ጠዋት ስትነሳ ጨርቁን መሬት ላይ አገኘችው፤ ማን እንዳወጣው አልጠየቀችም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ልጅቷ ከገመድ ላይ ልብስ ልታስገባ ወጣች። ዓይኗ መኪናዋ ላይ አረፈ። ጥቁሩ መስታወት ከውስጥ በኩል እንፋሎት ለብሷል። እንፋሎቱ ሰፋ ይላል፣ ተመልሶ ይጠባል፣ እንደገና ይሰፋል። የሚተነፍስ ነገር ነበረ። ልብሱን እንደተሰጣ ትታ ተመለሰችና ያየችውን ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት።

ማንም አልጠየቀውም። ፊት ለፊት ቢጠይቁት ያፍር ነበር፣ ማፈሩም ያድነው ነበር። እነሱ ግን ፈሩትና ለመስኮቱ መናገር ጀመሩ። «አባታችን እኮ ደግ ነው» ይላል ልጁ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያነብ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እውነት ነው፣ ደግ ነው» ትላለች እናቱ። ከዚያ ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ብቻ ይሰማል። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ምስጋናውን ሰማ። ምንም አልጣመውም።

ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ መጣለት። እውነቱን የሚያወሩት በእርግጥ የሌለሁ ሲመስላቸው ነው አለ። ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር እሄዳለሁ፣ የምሄደው በመሥሪያ ቤት መኪና ነው፣ የእኔዋ ቻርጅ ላይ ትቆይ ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። ሚስቱ እስከ በሩ ሸኝታ በሰላም ግባ አለችው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሁሉም ጓዳ ሳሉ፣ እንደ ሌባ በገዛ በሩ ሾልኮ ገባና መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠ።

ቆይተው ሳሎን ተሰበሰቡ። ቀጥሎ ሚስቱ «የድሮዋ መኪና ድምፅ ናፈቀኝ» አለች።

ማንም አላማውም። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀው የነበረው ሐሜት አልመጣም። አሮጌዋ መኪና ዳገቱ ላይ እንዴት እንደምትስል አወሩ፤ ክላክሱን እያስመሰሉ ሳቁ፤ አባታቸው ሲገባ እንዴት አድርጎ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነሳቸው እንደነበር ተጨዋወቱ። «ያኔ፣ አባባ እያለ» አለች ልጅቷ። እናቷ አላረመቻትም።

ሰውየው እዚህ ነኝ ሊላቸው ፈለገ። ግን እንዴት ይበል? እሱ ያለው ክፍለ ሀገር ነው።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፤ ግቢውም ሰፈሩም ጨለመ። ከመታጠፊያው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። አጓራ። ዳገቱን እየሳለ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ክላክስ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም ብሎ ተነፋ። ፌስታል ውስጥ ሲገባ በዓይኑ ያየው ክላክስ ነበረ።

ውሻው ጭራውን እየቆላ ሄደ። ልጆቹ «አባባ መጣ» ብለው ሮጡ፤ ያን ቃል ከጮሁት ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር። በሩ ተከፈተ። ሰውየው በጥቁሩ መስታወት አሻግሮ ሲያይ መኪና አልታየውም፤ ልጆቹ ግን ግራና ቀኝ ሆነው የአንድ ሰው እጅ ይዘው ሲመለሱ አየ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ሻማ ይዛ «ምነው አመሸህ?» አለች። ያ ሰው የመለሰላትን አልሰማም። ደፉን ከመርገጡ በፊት የሳለውን ሳል ግን ሰማ። የራሱ ሳል ነበረ።

ሰውየው ከመኪናዋ ወረደ። አሁን ስንሻው፣ ከነገርኩህ ሁሉ ይህቺን ያዝ። በሩ ክፍት ነው። ከእሱ እስከ በሩ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። «ቤቶች» ቢል፣ አንድ ጊዜ ቢስል፣ በሩን በጣቱ ቢነካው፣ የገባው ምንም ይሁን ምን፣ ቤቱ የእሱ ነበር። ሊጣራ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ የሚስቱ ሳቅ ተሰማ፤ ከሰማው የቆየ፣ የድሮ ሳቋ። ለገባው ሰው የሆነ ነገር እየነገረችው ነው። ምን እያለችው ይሆን አለ። አፉን ዘጋ፤ ጎንበስ ብሎ በገመዱ በኩል ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

ውሻው ከበረንዳው ዞሮ አጉረመረመበት።

«ይህ መስኮት ለምንድን ነው የማይዘጋው?» አለ የገባው ሰው ከውስጥ፣ በሰውየው በራሱ ድምፅ። «ልጆቹን ብርድ እየመታቸው እኮ ነው።» አንድ እጅ ገመዱን ነቀለ፣ ወደ ውጭ ወረወረው፣ መስኮቱንም ገጥሞ ዘጋው። ወዲያው መብራት መጣ። ቤቱ ቦግ አለ፤ መኪናዋ ግን እንደጠፋች ቀረች።

ሰውየው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። በዚያ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ግን፣ ደስ የሚል ቤት ነው ይላሉ። አባወራው ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፣ ልጆቹም ይሮጣሉ። ግቢው ውስጥ ማንም የማይነዳት መኪና ቆማለች፤ ገመዷ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ሣር በቅሎበታል። ክረምት ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ጥቁሩ መስታወት ከውስጥ በኩል እንፋሎት ይለብሳል። ሰፋ ይላል፣ ተመልሶ ይጠባል።

የገባው ማነው ብለህ ልትጠይቀኝ ነው፤ አውቅሃለሁ። እሱን ተወው። ደጅ የቀረው ማን እንደሆነ ግን አሳይሃለሁ፤ አንተ ነህ። የማይዘጋው መስኮት ይህ በመሐላችን ያለው ስልክ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል እንደ ጉዳት ትቆጥረዋለህ፤ ለእኔ ግን ምሕረት ነው። ንጉሥ እንኳ በሌለበት ይታማል፣ አንተ ማን ነህና? ትርንጎ በሌለህበት ትስቅብህ፣ ትማህ፣ ሲበቃት ትናፍቅህ። ያቺን ትንሽ ጊዜ ተውላት። ክፉ ብላህ ብትሰማ፣ ከየት ሰማሁ ብለህ ልትቆጣት ነው? ደግ ብላህ ብትሰማም አትጠግብም፣ ነገ ስልኩን መልሰህ ሶፋው ሥር ታስቀምጠዋለህ። በሌለሁበት የሚባለውን ልስማ የሚል ሰው፣ ያን ለመስማት ሲል ራሱ የሌለ ይሆናል። የአባወራ ቦታ ደግሞ ባዶውን አይከርምም።

የከበደህ ነገር ካለ ፊቷን እያየህ ጠይቃት። ስልኩን አልቀማህም፣ ያንተው ነው፤ የቀዳውን እዚህ ብታጠፋው ግን ደስ ይለኛል።

ተነሥ እንግዲህ፣ እየመሸ ነው። ቤትህ ስትደርስ ቁልፍ ቢኖርህም በሩ ላይ ቆመህ አስቀድመህ ሳል። እስካሁን ከውስጥ የሳለ ሰው ከሌለ፣ በጊዜ ደርሰሃል።