ንጉሡ ያልቆሙበት ውድድር

በዚያ ዱር ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ንጉሡ አንበሳ ከተራራው አናት ይቀመጣሉ። አያ ጅቦ የአገር ውስጥ ጉዳይን ይመራሉ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ማለት ማን ምን እንዳለ ማወቅ ነው። የቀሩት ያዳምጣሉ። በመንገድ ላይ ከንጉሡ መቅደም ክልክል ነው፤ ይከተሏቸዋል እንጂ። ሕጉ ሲወጣ ማንንም አልከበደም። ያን ጊዜ የሚቸኩል አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ቆላው ታመሰ።

*

የቆላ እንስሳት ግብር አንከፍልም አሉ። ንጉሡም ምንጫቸውን በነብር አስጠበቁባቸው። ከዚያ ወዲህ ቆላው ጤዛ ይልሳል። ድንጋይ ከገደል ይንከባለላል፤ ማን እንደሚያንከባልለው አይታወቅም። ደጋውም ማጉረምረም ጀመረ።

ጉባኤ ተጠራ።

«አገሩ ሰላም መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል» አሉ አያ ጅቦ።

«ሰላም ነው እንዴ?» አለ ጎሽ ከኋላ።

«ለዚህ እኮ ነው ማሳየት ያስፈለገው!»

ሐሳባቸው ብስክሌት ነበር። በየቀኑ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እየተጋለበ አገሩን በሙሉ የሚዞር ውድድር፤ በመጨረሻው ቀን ከተራራው አናት ተነስቶ ቆላው ሜዳ ላይ ያበቃል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። የሚያጨበጭብ እጅ ድንጋይ አይዝም። ያሸነፈም በጉባኤ ፊት ንጉሡን አንድ ነገር ይለምናል፤ ንጉሡም እምቢ አይሉም።

«ምን ሊለምኑ ነው? ቢበዛ ጨው ነው» አሉ አያ ጅቦ። ጉባኤው ሳቀ።

*

ወይ ያ ሰሞን! ከርከሮ ጭራውን አንቴና አድርጎ ዳገቱን ወጣው። ሰጎን አንገቷ ከመስመሩ አልፎ እግሯ ሳይደርስ ቀረ፤ ዳኞቹ እስከ ማታ ተጨቃጨቁ። ከጃርት ኋላ የሚጋልብ ጠፋ፤ ጎማ ውድ ነው። ዝንጀሮዎች ሥራ ፈተው በየዛፉ ተንጠለጠሉ። አገሩ ሰከረ።

የመሪውን ቢጫ ማልያ የለበሰችው ሚዳቋ ነበረች። የቆላ ልጅ፣ ቀጭን፣ ማልያው ጉልበቷ ድረስ የወረደባት።

«በርቺ አንቺ! ምን በልታ ነው እንዲህ የምትበረው?»

«ምን ጠጥታ በይ እንጂ!»

የውድድሩ ዘጋቢ ቁራ ጠጋ ብሎ ጠየቃት፦ «ካሸነፍሽ ምን ትለምኛለሽ?»

«ምንጩን።»

ቁራ ወሬውን በየዛፉ አደረሰው። ሳይመሽ ንጉሡ ጆሮ ገባ።

*

«ይህቺ ሚዳቋ አንደኛ ልትወጣ ነው?» አሉ ንጉሡ።

«አትወጣም ጌታዬ» አሉ አያ ጅቦ።

«ማን ይቀድማታል?»

አያ ጅቦ አሰቡ፤ ፊታቸው በራ። «እርስዎ! በሕግ!»

«እኔ እኮ ብስክሌት አልችልም።»

«ዛሬውኑ ይማራሉ።»

አስተማሪዋ እመት ጦጢት ነበረች። መውጣቱን አሳየች፤ ፔዳል መምታቱን፣ መሪ ማዞሩን። ፍሬን ቀረ። አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። በዚያ ግቢ ለንጉሥ «ይቀጥሉ» ይባላል፤ «ይቁሙ» ያለ እስከዛሬ የለም። አያ ጅቦን አየች። አያ ጅቦ ሰማይ ሰማዩን አዩ።

«ይህ ብረትስ ምንድን ነው?» አሉ ንጉሡ ፍሬኑን እየነካኩ።

«ጌጥ ነው ጌታዬ» አለች ጦጢት።

*

የመጨረሻው ቀን። ንጉሡ ከፊት፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ። ጉዞው ከመንቀርፈፉ የተነሳ ሰጎን በቆመችበት ወደቀች። ሚዳቋ ከንጉሡ የኋላ ጎማ ሥር ሥር ናት፤ ጉሮሮዋ ደርቋል።

«እለፊያቸው!» አለ ከርከሮ በሹክሹክታ።

«ሕጉስ?»

«ምንጩስ?»

ሳትመልስለት ቁልቁለቱ መጣ።

የንጉሡ ጎፈር ተነሳ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ንጉሡ ሲስቁ ማንም አይቶ አያውቅም። ቀጥሎ ጮኹ፤ ሲጮኹም አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ሕዝቡ ሁለቱን መለየት አልቻለም። ዳር ዳር የቆመው ሁሉ በወጉ «ይቀጥሉ! ይቀጥሉ!» አለ።

ቀጠሉ። የመጨረሻውን መስመር አለፉ። ከበሮውን አለፉ። የመኳንንቱን ድንኳን በመሐሉ አለፉ። የቆላውን መንገድ ይዘው፣ አገሩ ከሚያበቃበት ማዶ፣ አቧራ ብቻ ሆኑ።

*

«አሸናፊው ንጉሣችን ናቸው!» አሉ አያ ጅቦ ከወደቀው ድንኳን ሥር ብቅ ብለው።

«ልመናቸውንስ ለማን ያቀርባሉ?» አለ ጎሽ።

«ለራሳቸው።»

«የት ሆነው?»

ሁሉም ከብስክሌቱ ወርዷል፤ ሚዳቋ ብቻ አልወረደችም። አንድ እግሯ መሬት ላይ፣ አንዱ ፔዳል ላይ ነው። መንገዱን አየች።

«ወዴት ነው?» አሉ አያ ጅቦ።

«ንጉሡን ልከተል ነዋ» ብላ ነዳችው።

ከርከሮ ተከተላት። ጃርት ተከተለ፤ ሰጎንም፣ ከዚያ አጨብጫቢው ሁሉ በእግሩ። ሕግ አክባሪ ሕዝብ ነው።

*

የንጉሡ መንገድ በምንጩ በር ያልፋል። የዘበኞቹ አለቃ፣ ሽማግሌው ነብር፣ መሐል መንገድ ቆመ።

«ቁሙ!»

«ውድድር ላይ ነን ጋሼ» አለች ሚዳቋ።

«ሜዳው ላይ ያልቃል ተብለናል።»

«ንጉሡ በዚህ አለፉ?»

«እንደ ነፋስ! እጅ ነስተን እንኳ ሳንጨርስ።»

«ሜዳው ላይ ያልቃል ካላችሁ፣ እዚያ መቆም ነበረባቸው ማለት ነዋ?»

ነብሩ ባልደረቦቹን አየ፤ ባልደረቦቹ መሬት መሬቱን አዩ። ማዶ ያለው አቧራ ገና አልረጋም።

ከመንገዱ ገለል አለ።

ሚዳቋ ብስክሌቷን ጥላ ውኃው ላይ ተደፋች፤ ማልያዋ ራሰ። ከርከሮ ከነጭራው ገባ። ቆላውና ደጋው እየተጋፋ፣ እየተራጨ፣ እየጮኸ ጠጣ። ነብሩ ቆሞ አያቸው። ወደ አቧራው ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ኮፍያውን አወለቀና እሱም ጎንበስ አለ።