ገና ያልተጣራው ወተት

አንድ ጊዜ በሽቦ አጥር ውስጥ የምትኖር አንዲት ፍየል ነበረች። ሐኪሞች ገና ስትፀነስ የሰው ዘረመል አስገብተውባት፣ ከወተቷ ጋር ደም የሚያረጋ ነገር ይወጣ ነበር። ደማቸው አልቆም ለሚላቸው ሰዎች መድኃኒት ይሆናል። ስለዚህ ጧትና ማታ ትታለባለች፤ ግልገሏ እንኳ ጡቷን አልቀመሰም፣ በጡጦ ነው ያደገው። ደክሟታል። አጥሩን አይታ አይታ፣ ማየቱንም ትታዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አላቢው አልቧት ሲጨርስ ወተት የሞላውን ባልዲ አጠገቧ አስቀምጦ ክዳን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ይኼኔ አያ ጅቦ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ብቅ አለ። ሲሾልክ ግን ሽቦው የፊት እግሩን ሸረከተው፤ ደሙ ይንዠቀዠቅ ጀመር።

«ወይኔ እግሬን!»

«ምን ያስጮህሃል አያ ጅቦ?» አለው ቀበሮ ከአጥሩ ውጭ። መንገዱን ያሳየው እሱ ነው፤ ትራፊ ሊበላ። «መድኃኒቱ በባልዲ ቀርቦልህ! ጠጣው፣ ደምህ ይቁም፤ ከዚያ እሷን አንጠልጥለህ ና።»

ፍየሏ በገመድ ታስራለች፤ ወዴት ትሸሻለች?

«አያ ጅቦ፣» አለች ዝግ ብላ፣ «ይህ ገና ወተት ነው። ወስደው ስንት ቀን ያጣሩታል፤ ከባልዲ ሙሉ ወተት አንድ ጠብታ መድኃኒት ቢወጣ ነው። እሱም በመርፌ ይሰጣል እንጂ አይጠጣም። ይልቅ ተኛና እግርህን አሳርፈው።»

ቀበሮ ሳቀ። «ልትበላ የደረሰች ፍየል እውነት ስትናገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ፣» አለ ጅቦ፣ «እስከ ዛሬ አስጨርሻቸው አላውቅም።»

ባልዲውን ጭልጥ አደረገው። «ቆመ?»

«ቆሟል!» አለ ቀበሮ፣ እግሩን ሳያይ። «በል ዝለል!»

ጅቦ ዘለለ። የቆሰለው እግሩ ከዳው፤ ጥርሱም አንገቷን ስቶ ቀንዷን ነከሰ። ባልዲው እየተንኳኳ ተንከባለለ፤ የግቢው ዘበኞች ከነውሾቻቸው ወጡ።

«ቀበሮ! የት ነህ?»

ቀበሮ ግን ቀድሞ ሮጧል። ጅቦ እያነከሰ ሸሸ፤ ውሾቹ ግን ያልቆመውን ደም እያሸተቱ ወንዝ ዳር ደረሱበት።

በማግሥቱ ጧት አላቢው ባልዲውን አጥቦ መጣ። «እመት ፍየል፣ የትናንቱን እኮ አያ ጅቦ ጨረሰብን፣» አላት። እሷም እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ደክሞት ዝግ ብሎ እውነቱን የሚነግረንን ትተን የሚያስደስተንን ስንሰማ፣ ቁስላችን እንዳልዳነ የምናውቀው ከወደቅን በኋላ መሆኑን ነው።