የአጥር ሥሩ ጌሾ

አንድ ገበሬ ነበረ። ምሳሌውን የተናገሩት አባ ዘሚካኤል ናቸው፤ የንስሐ ልጃቸው፣ «ሚስቴ ደግ ናት፤ ግን ቤት ውስጥ ያለች አትመስለኝም፣ ቃል አይወጣትም። ልፍታት ወይስ ልታገሥ?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ።

ገበሬው አጥሩ ሥር ከአባቱ የወረሰው የጌሾ ተክል ነበረው። የዱሮ ዘር ነው፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ምሬቱ ለስላሳ። ሰውየው ደግሞ በጠላ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። «እንኩሮው ምጣድ ላይ ተቆልቶ ከሰል ካልመሰለ፣ ጋኑ በወይራ ጭስ ካልታፈነ ምኑን ጠላ ሆነ!» ይላል። ሚስቱ ስትጠምቅ አጠገቧ ቆሞ «ቁዪው፣ ጨምሪ፣ አጥኚ» ማለት ሥራው ነበር።

የማኅበር ተራው ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ቀምሰው ተያዩ። አንዱ ነገረኛ፣ «ወንድሜ፣ ጌሾ ጠፋ እንዴ ዘንድሮ?» አለው። ሳቁ። ገበሬው አብሮ ሳቀ። የአባቱ ቤት ግን በጠላ የሚመሰገን ቤት ነበር፤ ያ ስም በእሱ እጅ ሊጠፋ ነው። በሚቀጥለው ጠመቃ ጌሾውን እጥፍ አስደረጋት። ጠላው ጎመዘዘ እንጂ መዓዛ አልጨመረም።

ከገበያ አዲስ ዘር አገኘ። ሻጩ፣ «የዚህ አንድ እፍኝ ለሙሉ ጋን ይበቃል፤ ምላስ ይሰነጥቃል» አለው። እሱን ሊተክል፣ የአባቱን ጌሾ ሊቆርጥ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። አንድ ቅርንጫፍ ጣለ። ላቡን ሊጠርግ እጁን ወደ ፊቱ ሲያመጣ ሸተተው። እርጥብ ሣርና ማር የመሰለ ሽታ ነው። ያን ሽታ አባቱ ከሞቱ ወዲህ በዋንጫው ውስጥ አግኝቶት አያውቅም። ደነገጠ፤ አፈረም። ቅርንጫፉን ይዞ ገባና ሚስቱን፣ «ይህ ሁሉ ሽታ ስትጠምቂ የት ነው የሚገባው?» አላት።

«እሱማ እዚያው ነው፤ አንተ ጭስ ታለብሰዋለህ እንጂ። እስቲ አንድ ቀን ተወኝ» አለችው።

ተዋት። እንኩሮውን ገና ቀላ ሲል አወጣችው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በስሱ አጠነችው፤ ጌሾውንም በፊት በነበረው ልክ ጨመረች። ጠላው ፈካ ብሎ ወጣ። ማኅበርተኞቹን ደግሞ ጠራቸው። ቀምሰው ድገመን አሉ። ነገረኛው፣ «ይህን ጌሾ ከየት አገር አስመጣኸው?» ሲል ገበሬው በጣቱ አጥሩን አሳየው።

አባ ዘሚካኤል ወደ ጠያቂው ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ለስላሳ ጌሾ መዓዛ አጥቶ አይደለም፤ ጉልበተኛ ሲከበው ይሸፈናል። ባለፈው ሰንበት ቤትህ መጥቼ ነበር። ሚስትህ ሁለቴ አፏን ከፈተች፤ ሁለቴም ንግግሯን አንተ ጨረስክላት። ‹ጤናሽ እንዴት ነው?› ስላት እንኳ ‹ደህና ናት› ያልከኝ አንተ ነህ! እና እኔን ‹ቃል አይወጣትም› ትለኛለህ? ጭሱ አንተ ነህ። አትፍታት። አሁን ቤትህ ግባና አንድ ነገር ጠይቃት፤ ከዚያ አፍህን ያዝ። ዝምታው ቢረዝምብህም አትሙላው። እሷ ትሙላው።»